የኮሌጅ ነጥብ ለሥራ ምን ያህል ይጠቅማል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጂሲ (የዘንድሮ ተመራቂ) ሆነው ምርቃት የሚጠብቁና ቴምፖ (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ) ይዘው ማስታወቂያ የሚያስሱ ልጆች ደጋግመው ከሚጠይቁት የተሰበሰበ ነው፤ ዓመቶቹ ካልተገለጸ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ነጥብ ሥራ ለማግኘት ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል፤ ግን ለመጀመሪያው በር ብቻ። አምስት ሰው ሊቀጥር ያሰበ መሥሪያ ቤት በሺህ የሚቆጠር ማመልከቻ ሲጎርፍበት ሁሉንም ጠርቶ መፈተን አይችልም። አዳራሹም፣ ፈታኙም፣ ጊዜውም የለውም። ስለዚህ የሚቆርጥበት ነገር ይፈልጋል። ዜሮ ዓመት ልምድ ያላቸው ተመራቂዎች ደግሞ ሁሉም የያዙት አንድ ዓይነት ዲግሪ ነው፤ ስለ ሥራቸው የሚመሰክር የቀድሞ አለቃም የላቸውም። ለመቁረጥ የሚመች ቁጥር ነጥብ ሆኖ ይገኛል።

ከመቁረጫው በላይ ከሆናችሁ ለጽሑፍ ፈተና ትጠራላችሁ። ከዚያ ወዲያ የሚወስነው ፈተናውና ቃለ መጠይቁ ነው፤ 3.1 ያለው 3.8 ያለውን አልፎ ሲቀጠር ማየት ብርቅ አይደለም። ነጥቡን ከመቶ የተወሰነ ድርሻ ሰጥተው ከፈተናው ጋር የሚደምሩ ቦታዎችም አሉ። ይህንን አስቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም።

ማስታወቂያ ላይ ብዙ ጊዜ ስንት ነው የሚጠየቀው?

ከ4.00 ተሰልቶ 2.50፣ 2.75 እና 3.00 ደጋግማችሁ የምታዩዋቸው ቁጥሮች ናቸው። ለመመረቅ የሚበቃው ዝቅተኛው 2.00 ስለሆነ፣ ከ2.00 እስከ 2.50 ያለው ተመራቂ ዲግሪውን ይዞም ከብዙ ማስታወቂያ ውጭ ነው ማለት ነው። ዲስቲንክሽን፣ ግሬት ዲስቲንክሽን የሚባሉት ማዕረጎች ለምርቃት ቀን ያምራሉ፤ ቀጣሪው ግን የሚያየው ቁጥሩን ነው።

ምንም ነጥብ ያልጠቀሰ ማስታወቂያ ሁሉ ነጥብ አያይም ማለት አይደለም። አመልካቹ ከታሰበው በላይ ሲበዛ የሰው ሀብት ክፍሉ ለራሱ መቁረጫ የሚያወጣበት ጊዜ አለ። ቢሆንም ማመልከት አይጎዳም፤ የሚከፈለው የኢንተርኔትና የፎቶ ኮፒ ዋጋ ነው።

ነጥብ በጣም የሚታየው የት ነው? የማይታየውስ?

ዜሮ ዓመት ተመራቂ በብዛት የሚቀጥሩ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ዘንድ ነው የሚታየው። ባንኮች ግንባር ቀደም ናቸው፤ ጁኒየር ኦፊሰርም ይባል ማኔጅመንት ትሬኒ፣ ማስታወቂያው ነጥብና የምረቃ ዓመት አያጣም። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ለሠልጣኞች በሚያወጣው ማስታወቂያ ከነጥቡ ሌላ ዕድሜና፣ እንደ ሥራው ዓይነት፣ ቁመት ሳይቀር ይዘረዝራል። ዩኒቨርሲቲዎች ረዳት መምህር ሲቀጥሩማ ነጥብ ዋናው ጉዳይ ይሆናል፤ እዚያ ሰቃይ (ከፍተኛ ነጥብ ያለው ተማሪ) መሆን በቀጥታ ይከፍላል። ጤና ላይ ያለ ሰው ደግሞ ከነጥቡ በፊት የሙያ ፈቃድ ምዘናውን ማለፍ አለበት።

የማይታይበትም ቦታ ሰፊ ነው። ኮንስትራክሽን ላይ ሳይት መሐንዲሱ የሚጠይቃችሁ ቴክኦፍ መሥራት (ከፕላን ላይ የሥራውን መጠን ማውጣት)፣ ፕላን ማንበብና የንድፍ ሶፍትዌሩን አውቶካድን መቻላችሁን ነው። ሶፍትዌር የሚያሠሩ ድርጅቶች የሠራችሁትን አሳዩን ይላሉ። ሽያጭ፣ ሚዲያ፣ አስጎብኚነት፣ ትንንሽ አስመጪና አከፋፋይ ድርጅቶች፣ የሒሳብ ሥራ ቢሮዎች ስቱደንት ኮፒያችሁን (የውጤት ዝርዝር የያዘውን ወረቀት) ገልጠው ላያዩት ይችላሉ። መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችም ቢሆኑ ልምድን፣ እንግሊዝኛንና ሪፖርት መጻፍን ነው የሚያስቀድሙት፤ ችግሩ ለአዲስ ተመራቂ በራቸው ጠባብ መሆኑ ነው።

ለሴቶች ዝቅ ያለ ነጥብ ይጠየቃል የሚባለው እውነት ነው?

አንዳንድ ማስታወቂያ ላይ አዎ። ለወንድ አንድ፣ ለሴት ትንሽ ዝቅ ያለ ሌላ ነጥብ ለይተው የሚጽፉ አሉ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ በቅጥር ወቅት ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጥ አዎንታዊ ድጋፍ አለ። ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው መስመር ማንበብ ነው፤ እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ከታች በትንንሽ ፊደል ይቀመጣል።

የመውጫ ፈተና ከመጣ ወዲህ ነጥብ ዋጋ አጥቷል?

አላጣም፤ ጓደኛ ተጨመረለት እንጂ። ከ2015 ጀምሮ በመንግሥትም በግልም ተቋም የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማር ሁሉ የመውጫ ፈተናውን 50 ከመቶና ከዚያ በላይ አምጥቶ ማለፍ አለበት። 3.6 ይዞ ፈተናውን ያላለፈ ተማሪ ዲግሪ የለውም፤ እንደገና ተፈትኖ እስኪያልፍ ድረስ ነጥቡ ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነው። ቀጣሪዎችም ፈተናውን ማለፍን በማስታወቂያቸው መጻፍ ጀምረዋል።

ነጥባቸው ዝቅ ላለ ልጆች ግን ይህ ፈተና ጥሩ ዕድል ይዞ መጥቷል። በአገር ደረጃ ሁሉም የተፈተነው አንድ ፈተና ስለሆነ 2.6 ይዞ 75 ያመጣ ልጅ የሚያሳየው ነገር አለው። እንዲህ ያለ ውጤት ካላችሁ ሲቪያችሁ ላይ ከዲግሪው ሥር በግልጽ ጻፉት። የሚገርመው ብዙዎቹ «አልፌያለሁ» ብለው ብቻ ያልፉታል።

የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ለውጥ ያመጣል? የግል ኮሌጅ ከሆነስ?

ማጣሪያው ላይ ለውጥ የለውም፤ ፎርሙ 3.00 ይላል፣ 3.00 ያለው ያልፋል። ይህ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም። ነጥብ በሚቆነጥር የኢንጂነሪንግ ትምህርት ክፍል የተገኘ 2.9 እና ለጋስ መምህራን ካሉበት የተገኘ 3.4 የትኛው እንደሚበልጥ ማጣሪያው አያውቅም። ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ፈታኞቹ የተቋሙን ስም እያዩ የራሳቸውን ግምት መያዛቸው አይቀርም፤ ባይናገሩትም።

ለግል ኮሌጅ ተመራቂ ከነጥቡ በፊት የሚመጣው ጥያቄ ዕውቅና ነው። ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይደለም፤ ለየትምህርት ፕሮግራሙና ለየካምፓሱ ነው። አንድ ኮሌጅ አዲስ አበባ ላይ በአካውንቲንግ ዕውቅና ኖሮት በሌላ ከተማ ቅርንጫፉ ላይኖረው ይችላል። ከመመዝገባችሁ በፊት በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በኩል አጣሩ፤ ተመርቃችሁ ከሆነም ሰነዱን ቀድማችሁ አረጋግጡ። የተቀጠሩ ሰዎች ጭምር በዚህ ጉዳይ ሲሰናከሉ አይተናል።

የመጨረሻ ዓመት ላይ ነኝ። ነጥቤን አሁን ከፍ ማድረግ እችላለሁ?

ትንሽ። ሒሳቡ ጨካኝ ነው። 120 ክሬዲት ጨርሳችሁ 2.70 ላይ ካላችሁና የመጨረሻውን ሴሚስተር 18 ክሬዲት በሙሉ ኤ ብታመጡ 2.87 ትደርሳላችሁ፤ ከዚያ አያልፍም። ያንኑ 18 ክሬዲት በሙሉ ኤ ያመጣችሁት 35 ክሬዲት ጨርሳችሁ 2.70 ላይ ሳላችሁ ቢሆን ኖሮ 3.14 ትገቡ ነበር። ፍሬሽ ላይ «ኮመን ኮርስ ነው» ተብሎ የሚናቀው ትምህርት ክሬዲቱ እስከ ምርቃት ይከተላል፤ ይህንን የሚያነብ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ካለ ከዚህ ገጽ ሁሉ የሚጠቅመው ይህ አንቀጽ ነው።

ቢሆንም 2.70ን ወደ 2.87 መግፋት ከንቱ ድካም አይደለም፤ 2.75 በሚጠይቁት ማስታወቂያዎች መካከል ገብታችኋል። ስለዚህ መጀመሪያ የቀራችሁን ክሬዲት ቆጥራችሁ የትኛውን መቁረጫ መሻገር እንደምትችሉ አስሉ። 2.90 ላይ ያለና 3.00 ሊደርስ የሚችል ልጅ ለነጥቡ ይታገል። 2.30 ላይ ያለ ደግሞ 2.40 ለመግባት እንቅልፍ ከሚያጣ ጊዜውን ለመውጫ ፈተናውና ለአንድ የሚሸጥ ሙያ ቢያውለው ይሻለዋል።

2.3 ይዤ ተመርቄያለሁ። ከየት ልጀምር?

ነጥብ ከማይጠይቁት። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙው ተመራቂ ጓደኞቹ የተፈተኑበትን ባንክ እየተከታተለ አንድ ዓመት ያቃጥላል። የምትፈልጉት ትልቅ ስም ያለው መሥሪያ ቤት ላይሆን ይችላል፤ «የሁለት ዓመት ልምድ» የሚለውን መስመር የሚሞላላችሁ ቦታ ነው። ሁለት ዓመት ልምድ የሚጠይቁ ማስታወቂያዎች አብዛኞቹ ነጥብ አይጠይቁም። ልምዱ ያንን ጥያቄ ይተካዋል።

አካውንቲንግ ከሆነ የተማራችሁት ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር መሥራት፣ የወር ግብር ማስታወቅ፣ የደመወዝ ሰነድ ማዘጋጀት የሚችል ሰው መርካቶም ቦሌም ይፈለጋል። ኦዲት ቢሮ ውስጥ በትንሽ ክፍያ ጀምረው በዓመቱ ከባንክ ሠራተኛ የማይተናነስ ዕውቀት ያዳበሩ አሉ። ኮምፒውተር ከሆነ ለአንድ ሱቅ ወይም ክሊኒክ የሚሠራ ነገር ሠርታችሁ አሳዩ፤ የቴሌግራም ቦትም ቢሆን። ማኔጅመንትና ተመሳሳይ ትምህርት የተማራችሁ፣ ሽያጭን አትናቁ፤ ኮሚሽኑ ከጁኒየር ደመወዝ የሚበልጥበት ወር አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተከታተሉ። ከግል ድርጅት የምታመጡት የሥራ ልምድ ደብዳቤ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የማያሳይ ከሆነ ብዙ መሥሪያ ቤት፣ በተለይ የመንግሥት፣ አይዝላችሁም። «ግብር ሳይቆረጥ በእጅህ ልስጥህ» የሚል አሠሪ ለወሩ የጠቀማችሁ ይመስላል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ልምዳችሁን ዜሮ ያደርገዋል። በደመወዝ መክፈያ ሰነድ ላይ ስማችሁ መኖሩን፣ የጡረታ መዋጮም መግባቱን ጠይቁ። ነጥብ የጎደለው ሰው ልምዱንም በወረቀት ጉድለት ሊያጣ አይገባም።

ሲቪ ላይ ነጥቤን ልጻፈው? 2.98ን 3.00 ማድረግስ?

3.00 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጻፉት። በታች ከሆነ ሲቪው ላይ ባትጽፉት የሚጠይቃችሁ የለም፤ ስቱደንት ኮፒው አብሮ ከተያያዘ ግን አለመጻፋችሁ የሚደብቀው ነገር አለመኖሩን እወቁ። ፎርሙ በቀጥታ ከጠየቀ ያለውን እንዳለ ሙሉ።

2.98 እንዳለ 2.98 ነው። ሦስት ከጻፋችሁ ሰነድ ማጣራት ላይ ይወጣል፤ ለሁለት መቶኛ ነጥብ ብላችሁ «ሐሰተኛ መረጃ ያቀረበ» ትባላላችሁ። ስቱደንት ኮፒ ላይ ቁጥር መቀየርማ ወንጀል ነው። መሥሪያ ቤቶች ለዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር እየጻፉ ያረጋግጣሉ፤ ማረጋገጫው ሲዘገይ ሰውየው ተቀጥሮ፣ ዕድገት አግኝቶ፣ ቤተሰብ መሥርቶ ሊገኝ ይችላል። ያኔ መውደቂያው የከፋ ነው።

ሥራ የሚገኘው በዘመድ ከሆነ ነጥብ ምን ያደርጋል?

ዘመድ የሚሠራበት ቦታ አለ፤ ይህንን መካድ አንባቢን መናቅ ነው። ሆኖም በሺህ የሚቆጠር ሰው አዳራሽ ገብቶ የሚፈተንባቸው፣ ፈተናውንም ለዩኒቨርሲቲ ወይም ለአማካሪ ድርጅት ሰጥተው የሚያስፈትኑ ቅጥሮች አሉ። እዚያ የሚያስገባችሁ ነጥብ ነው፤ የሚያሳልፋችሁም ፈተናው። ዘመድ የሌለው ሰው በርትቶ መወዳደር ያለበት እንዲህ ያሉት ላይ ነው። በተቃራኒው ሦስት ሰው የሚቀጥር፣ ማስታወቂያው ለሁለት ቀን ብቻ የተለጠፈ ቦታ ካያችሁ ልባችሁን አታሳርፉበት።

ዘመድና ሰው ማወቅም ይለያያሉ። ኢንተርንሽፕ የወጣችሁበት ኃላፊ፣ ቀድሟችሁ የተመረቀ የዶርም ልጅ፣ አማካሪ መምህራችሁ ቦታ መከፈቱን ቀድመው ሊነግሯችሁ ይችላሉ። «ይህን ያህል ብር ስጠኝና ላስገባህ» የሚል ሰው ግን ዘመድም ደላላም አይደለም፤ ሌባ ነው።

ሰቃይ ነበርኩ። 3.8 ይዤ ሥራ አጣሁ፤ ምን አጠፋሁ?

ምናልባት ምንም። ግን እነዚህን እዩ። የባንክና የመሰል መሥሪያ ቤቶች የጽሑፍ ፈተና የተማራችሁትን ኮርስ ሳይሆን የእንግሊዝኛ ንባብን፣ ፈጣን ስሌትንና አመክንዮን በብዛት ይጠይቃል። ሃንድአውት ሸምድዶ ሰቃይ የሆነ ልጅ እዚህ ይደናገጣል፤ በሰዓት ገደብ ተለማምዶ የመጣው 2.9 ደግሞ ያልፈዋል። መለማመጃ ጥያቄ በየቴሌግራሙ ሞልቷል፤ ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የሚቆየው ከአምስት እስከ አሥር ቀን ነው። ሪፖርተር ረቡዕና እሑድ ሲወጣ፣ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ፣ ሰነዶቻችሁ ስካን ተደርገው ስልካችሁ ውስጥ መኖር አለባቸው። ሦስተኛው ምርጫ ማብዛት ነው፤ 3.8 ያለው ልጅ ለነጥቡ የሚመጥን ቦታ ሲጠብቅ የምረቃ ዓመቱ ከማስታወቂያው መስፈርት ያልፋል። ትንንሽ ድርጅቶች ደግሞ «ይሄማ አይቆይልንም፣ ነገ ማስተርስ ብሎ ይሄዳል» ብለው ይፈሯችኋል። ቃለ መጠይቅ ላይ ለምን እዚያ መሥራት እንደምትፈልጉ በሁለት ዓረፍተ ነገር መመለስ ቻሉ።

ሁሉን አልፎ በዋስ የሚሰናከልም አለ። ባንክ ሲቀጥር ዋስ አምጣ ይላል፤ ቋሚ ሥራና በቂ ደመወዝ ያለው ሰው መሆን አለበት። ከክፍለ ሀገር መጥታችሁ አዲስ አበባ ላይ ማንም የማታውቁ ከሆነ ይህንን ጥሪው ሳይመጣ አስቡበት።

ትልልቅ የውጭ ኩባንያዎች ነጥብ አይጠይቁም ይባላል። እውነት ነው?

ይህ ወሬ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከጎግል ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የኩባንያው የሰው ኃይል ኃላፊ የነበረው ላዝሎ ቦክ ነጥብ ለቅጥር መመዘኛ እንደማይጠቅም ባደረጉት ትንተና እንዳዩ ተናግሯል። ወሬው ሲነገር የሚዘለለው ግን ቀጥሎ ያለው ነው፤ አዲስ ተመራቂዎች ላይ ጥቂት ግንኙነት እንዳለው እዚያው ላይ ጠቅሷል። የእኛ ጠያቂዎች ደግሞ አብዛኞቹ አዲስ ተመራቂዎች ናቸው።

ከስንት ዓመት በኋላ ነው ነጥብ የሚረሳው?

ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ከሠራችሁ በኋላ የሚጠይቃችሁ ቀጣሪ ይመናመናል። አሜሪካ ውስጥ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ቀድመው የተሠሩ ጥናቶችን የጨመቀ ትንተና በነጥብና በሥራ ብቃት መካከል መጠነኛ ግንኙነት እንዳለ፣ ከምርቃት በኋላ ያለው ጊዜ ሲረዝም ግን እየደከመ እንደሚሄድ አሳይቷል። እኛም የምናየው ከዚህ አይርቅም።

ተመልሶ የሚመጣባቸው ቦታዎች አሉ፦ ማስተርስ ስታመለክቱ፣ የውጭ ስኮላርሺፕ ስትሞክሩ፣ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ስትወዳደሩ። አሥር ዓመት ቢያልፈውም ትራንስክሪፕቱ ይጠየቃል።

ማስተርስ ብማር ዝቅተኛውን የዲግሪ ነጥብ ይሸፍንልኛል?

በከፊል። ማስታወቂያው «በመጀመሪያ ዲግሪ 2.75» ብሎ ለይቶ ከጻፈ ማስተርሱ 4.00 ቢሆንም አያድንም። ዩኒቨርሲቲዎች ለመምህርነት ሲቀጥሩ ሁለቱንም ነው የሚያዩት። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ደግሞ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ማለፍ ያስፈልጋል፤ መሸሻ ብቻ ተደርጎ የሚያዝ ነገር አይደለም።

እኔ ብጠየቅ ነጥብ ለመሸፈን ተብሎ ሳይሠሩ ማስተርስ መግባትን አልመክርም። ሁለት ዓመት ቆይታችሁ ስትወጡ ማስተርስ ያለው ዜሮ ዓመት ትሆናላችሁ። ለጁኒየር ቦታ «በዛብን»፣ ለሲኒየር ቦታ «ልምድ የለውም» ይሏችኋል። ሥራ ይዞ በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ መማር ሌላ ነገር ነው።

ውጭ አገር ብሄድ የኢትዮጵያ ነጥቤ እንዴት ይታያል?

እንደ አገሩ። ጀርመን ለትምህርት የምታመለክቱ ከሆነ ነጥባችሁ ወደ እነሱ መለኪያ ይቀየራል፤ እዚያ 1.0 ምርጡ፣ 4.0 ዝቅተኛው ማለፊያ ነው። ስሌቱ ከፍተኛው ነጥብ 4.00፣ ማለፊያው 2.00 ተብሎ ሲሠራ የኢትዮጵያ 3.00 በጀርመን 2.5፣ 3.20 ደግሞ 2.2 ይሆናል። ብዙ የማስተርስ ፕሮግራሞች 2.5ን መቁረጫ ስለሚያደርጉ 3.00 እዚያም ድንበር ላይ ያለ ቁጥር ነው። ለሥራ ፍለጋ በሚሰጠው የጀርመን ፈቃድ፣ ዕድል ካርድ በሚባለው ግን የዲግሪ ነጥብ አይቆጠርም፤ የዲግሪው ዕውቅና፣ ቋንቋ፣ ዕድሜና ልምድ ናቸው የሚታዩት።

አሜሪካ ያላችሁ ለሥራ ከሆነ ዲግሪያችሁን ከአሜሪካው ጋር የሚያመሳክር ተራ ግምገማ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ነጥብ የማያሰላ ስለሆነ ዋጋውም ዝቅ ይላል። ትምህርት ልትቀጥሉ ወይም የሙያ ፈቃድ ልታወጡ ከሆነ ግን ኮርስ በኮርስ የሚያሰላው ይጠየቃል፤ ለዚያ ደግሞ ትራንስክሪፕቱ ከሬጅስትራር በቀጥታ መላክ አለበት። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጣችሁና የወጪ መጋራት ዕዳ ያለባችሁ ኦሪጅናሉን ለማውጣት ያንን መዝጋት ይጠበቅባችኋል፤ ከአገር ሳትወጡ ጨርሱት። ከወጡ በኋላ ወንድምን ወይም እህትን በውክልና ማመላለስ ወራት ይፈጃል።

ባሕረ ሰላጤ አገሮች ላይ በዲግሪ ለሚቀጠር ሰው ዋናው ነገር የሰነድ ማረጋገጫ ሰንሰለቱ ነው፤ መጀመሪያ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ቀጥሎ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ የአገሩ ኤምባሲ። ማኅተሞቹ ተሟልተው 2.4 የያዘ ነርስ ወይም መሐንዲስ፣ ማኅተም ጎድሎት 3.7 ከያዘው ቀድሞ ይገባል።